ለቆቅ የሰለጠነ ትከሻ

ስለ ክብደቴ ስጠየቅ የማፍርበት ጊዜ አልፏል። ያኔ ግን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ፣ ከዳቦ ቤቴ በር ላይ ወንበር አውጥቼ ስቀመጥ እግረኛው ሁሉ ከመንገዱ ወርዶ ዞሮኝ ያልፍ ነበር። አንድ ጠዋት ሠራተኞቼ በእኔ ሲስቁ ሰማሁና በእልህ የዱቄት ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። አንድ ኩንታል ዱቄት ከነማዳበሪያው እኔን አይደርስም። ቀስ ብዬ ወረድኩና "ይሄ ሚዛን ተበላሽቷል" አልኳቸው። እነሱ ሳቃቸውን ይዘው ወደ ምድጃው ዞሩ።

የዳቦ ሥራ ያወፍራል ብዬ አላማርርም፤ ቀጫጭን ዳቦ ጋጋሪዎች አውቃለሁ። የእኔ ነገር ሌላ ነው። ለሊጡ ገና ሳይነጋ እነሳለሁ። ትኩሱ ሲወጣ "ልቅመሰው" እላለሁ፤ ቅምሻው ደግሞ አንድ ላይ አይቆምም። ረፋድ ላይ ሳምቡሳ፣ ከሱ ጋር ማንኪያ የሚያቆም ስኳር ያለው ሻይ በወተት። ከሰዓት የድሬ ሙቀት ሲበረታ ከጓደኞቼ ጋር በርጫ፤ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ጫት መቃም፣ ለስላሳ መጠጣት፣ የማይመለከተንን የዓለም ጉዳይ መፍታት። ማታ ደግሞ መብራት ጠፋ፣ እርሾ አለቀ፣ ሠራተኛ ቀረ። ስፖርት ሥራ የሌለው ሰው ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ከዚህ ኑሮ ያባነኑኝ የሚስቴ የሰሚራ አባት፣ ሐጂ ዑመር ናቸው። ሐጂ ሰባን ያለፉ፣ ግን ወገባቸው ያልጎበጠ፣ ቀጭንና ቁጥብ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረዋል። ፈቃድ ያላት ባለ ሁለት አፈሙዝ አሮጌ የወፍ ጠብመንጃ አለቻቸው። በየዓመቱ ዝናቡ አልፎ የአደን ወቅት ሲከፈት ፈቃዳቸውን ያሳድሱና ከድሬ ወጣ ብላ ካለችው ቢዮ አዋሌ በላይ ወዳሉት ተራሮች ይወጣሉ፤ ቆቅና ጅግራ ለማደን። ወፏ ነፍሷ ሳትወጣ ይደርሱባትና "ቢስሚላህ" ብለው ያርዷታል። ቆቋ ሰሚራ ዘንድ ትመጣለች፣ ሰሚራ ትሠራታለች፣ እኔ እበላታለሁ። በዚህ አደን ውስጥ የእኔ ድርሻ ለብዙ ዓመት ይኼው ነበር።

አንድ ዓመት ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "እኔም ልምጣ" አልኳቸው። ሐጂ ደስ አላቸው። የመጀመሪያው ዳገት ግማሽ ላይ ስንደርስ ግን ጆሮዬ ጮኸ፣ ትንፋሽ የሚባል ነገር የት እንደሚገኝ ጠፋኝ። ሐጂ ከላይ ቆመው አዩኝ። አልተቆጡም።

"ናስር፣ አንተ እዚህ ግራር ሥር ከውሃው ጋር ቁጭ በል" አሉኝ። "ዝንጀሮ እንዳይወስድብን።"

ቁጭ አልኩ፤ ከዚያም ተኛሁ። ዝንጀሮዎቹ እውነትም መጡ፣ ስንቅ ብዬ የያዝኩትን ዳቦ ከነከረጢቱ ይዘው ሄዱ። ይህ ወሬ በርጫ ላይ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "የውሃ ዘበኛው" ሆነ።

ቅጽል ስሙን እንኳ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ወደ ከተማ ስንመለስ ሐጂ መሪውን እንደያዙ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ "ወንድ ልጅ አልሰጠኝም፤ አልሃምዱሊላህ፣ ሴቶቼ ይበቁኛል" አሉኝ። ቀጥለውም "ግን ያንን ተራራ ለአንድ ሰው ላሳየው እፈልግ ነበር። ምንጩ የት እንደሆነ፣ ቆቅ የት እንደምታድር፣ በየት እንደሚወረድ። አንተን አስቤ ነበር" አሉ።

ማታ ለሰሚራ "ክብደት ልቀንስ ነው፤ ግን ጊዜ የለኝም" አልኳት።

"ጊዜ የለህም?" አለችኝ ልብስ እያጠፈች። "በርጫ ላይ የምትጋደመው በማን ጊዜ ነው አቦ?"

በማግስቱ ጀመርኩ። በቅርብ ላሉት ሱቆች ዳቦ የሚያደርሰውን ባጃጅ ተውኩና ቅርጫቱን ተሸክሜ በእግሬ ማድረስ ያዝኩ። ዱቄት የጫነ መኪና ሲመጣ ወንበሬ ላይ ሆኜ "እዚያ አስቀምጡ" ማለቴ ቀረ፤ ከሠራተኞቹ ጋር ጆንያ መሸከም ጀመርኩ። ከሰዓት ፀሐይዋ ጋብ ስትል ደግሞ በርጫውን አቋርጬ ወደ ደቻቱ እወርዳለሁ። የደቻቱን ወንዝ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጎርፍ ካልመጣ በቀር አሸዋ ነው። አሸዋ ላይ መራመድ ማለት አንድ እርምጃ ሄደህ ግማሹን መመለስ ነው። የማርፈው ድልድዩ ጋ ስደርስ ብቻ ነበር።

የሰው ነገር ነበር የከበደኝ። የሚያውቁኝ ባጃጅ እያቆሙ "ናስር፣ ምን ሆነህ ነው በእግርህ? ና ግባ" ይሉኛል። አንዱ የቆየ ደንበኛዬ ዳቦ ቤቱ ከስሮ መስሎት ለብቻዬ ጠርቶ አጽናናኝ። የበርጫ ጓደኞቼ ገና ብድግ ስል "የውሃ ዘበኛው ሥራ ሊገባ ነው" ይሉና ይስቃሉ። ሰሚራ ከሻዬ ላይ ስኳሩን በየሳምንቱ ቀስ በቀስ ስትቀንሰው እንኳ አላወቅኩባትም፤ ሰው ቤት ሄጄ ሻይ ስጠጣ ጣፋጩ ሲዘጋኝ ነው የነቃሁት።

መጀመሪያ ላይ ምንም ለውጥ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ተውኩት፣ ሁለት ጊዜ ተመለስኩበት። አንድ ጠዋት ግን ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ሳስር ትንፋሼን ሳልይዝ እንዳሰርኩት ገባኝ። ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። ሰሚራ ከበሩ ሆና እያየችኝ ነበር።

እንዲህ እያልኩ ዓመቱ ዞረ፤ ዝናቡ አለፈ፤ የአደን ወቅት ተከፈተ።

ያን ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ቢዮ አዋሌ ደረስን። ሐጂ መኪናቸውን አንድ ወዳጃቸው ግቢ አቆሙ። እኔ ዳቦና ውሃ የያዘውን ከረጢት አነሳሁ። ሐጂ ከረጢቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"ዘንድሮ ውሃው ከእኛ ጋር ይወጣል" አልኳቸው።

ፈገግ አሉና ፊት ፊት ሄዱ። አምና የተኛሁባት ግራር ጋ ስንደርስ ዞረው ሳያዩኝ እርምጃቸውን አረዘሙት። እየፈተኑኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ላብ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ልቤ ይመታል፣ ግን ትንፋሼ አብሮኝ አለ። የተራራው ጫፍ ላይ ስንወጣ ነው ዘወር ያሉት። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና "እንግዲህ" አሉ። ይኼን አንድ ቃል ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩ መሰለኝ።

ከታች በኩል የተሰበሰበ የማሽላ ማሳ አለ። አገዳው ውስጥ ቆቆች ይጭራሉ። ሐጂ ጠብመንጃቸውን አጎረሱና ሰጡኝ። "ሲነሱ ነው። አትቸኩል" ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አደላድዬ አነጣጠርኩ። አንዲት ወፍራም ቆቅ አንገቷን አውጥታ ወደ እኛ አየች። ከዚያ በፊት በሕይወቴ ተኩሼ አላውቅም። ጣቴ ቃታው ላይ ነበር።

ያኔ ከተራራው ማዶ ሰው ተጣራ።

የሴት ድምፅ ነው። አንዴ ተጣርቶ ዝም አለ፣ እንደገና ተጣራ። ሐጂ ጆሮአቸውን ወደዚያ አቀኑ። ከዚያ እጃቸውን አፈሙዙ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ወደ መሬት አወረዱት። "ይሄ ከብት የጠፋበት ሰው ጥሪ አይደለም" አሉ። ቆቆቹ ፍርርር ብለው ተነሱ። የመጀመሪያ አደኔ በዚሁ አበቃ።

ከማዶ ጥቂት ቤቶች ያሉባት መንደር አለች። የሚጣሩት አዴ ኑሪያ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ በዚያ አገር የእናት ያህል ያከበሩትን ሴት አዴ ይሏታል። ሐጂ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ በኦሮምኛ ወደ ጉዳዩ ገቡ፤ እኔም እንደ ማንኛውም የድሬ ልጅ ኦሮምኛውን እሰማለሁ። የአዴ ኑሪያ ልጅ ሚስት ፋጡማ ምጥ ላይ ናት። የመጀመሪያዋ ነው። ምጡ ከያዛት ውሎ አድሯል፣ አሁን እየደከማት ነው። ባሏ ጀማል የስልክ መረብ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ ከቢዮ አዋሌ ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግሯል። አምቡላንሱ ይመጣል፤ ግን መንገዱን ጎርፍ ስለበላው ከታች ካለው ወንዝ አያልፍም። ወንዙ ድረስ በሰው መውረድ አለባት።

"ወንዶቹ ከብት ይዘው ገበያ ወርደዋል" አሉ አዴ ኑሪያ። "ያለኝ ጀማልና ጎረቤታችን ሙሜ ነው። በአልጋ ለመሸከም አራት ሰው ያስፈልጋል።"

ከዚያ እኔን ማየት ጀመሩ። ልክ ገበያ ላይ በሬ እንደሚገዛ ሰው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ለውጥ አመጣሁ እንጂ ቀጭን አልሆንኩም ነበር፤ ሆዴ ገና ከእኔ ይቀድም ነበር። ፊታቸውን ወደ ሐጂ መልሰው "ይሄ ሰውዬ ይችላል?" አሏቸው።

ሐጂ ወዲያው አልመለሱም። አንባቢዎቼ፣ ያቺ ዝምታ ከአንድ ትንፋሽ አትበልጥም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ እሰማታለሁ። አምና በዚያች ግራር ሥር ያስቀመጡኝ ሰው ናቸው። ያለችው ነፍስ ደግሞ አንድ ሳትሆን ሁለት ናት። ስህተት ከተናገሩ ገደል መካከል ላይ ነው የሚታወቀው።

"ይችላል" አሉ።

የጠፍር አልጋ አወጣን፤ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም አጣና በገመድ አሰርንበት። ሴቶቹ ፋጡማን ደግፈው አስተኟትና በትልቅ ነጠላ ሸፈኗት። ፊቷ ብቻ ይታያል። ልጅ እግር ናት፤ ህመሙ ሲመጣ የሻሿን ጫፍ ትነክሳለች እንጂ አትጮህም። ሐጂ ጥይቶቹን አውጥተው ኪሳቸው ከተቱና ባዶውን ጠብመንጃ ይዘው ቆሙ። የት ያስቀምጡት? መተው አይቻልም፣ ትከሻቸው ደግሞ ለአልጋው ይፈለጋል።

"አምጣው" አሉ አዴ ኑሪያ። ተቀበሏቸውና እንደ እንጨት ሸክም ጀርባቸው ላይ ጣል አድርገው ፊት መሩ።

ቢስሚላህ ብለን አነሳን። ቁልቁለት ስለሆነ ክብደቱ ከፊት ለሚይዘው ያደላል፤ ከፊት እኔና ጀማል ሆንን፣ ከኋላ ሐጂና ሙሜ። ዳገት ሳንባን ይፈትናል እንጂ ጉልበትን የሚፈትነው ቁልቁለት መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። አጣናው ትከሻዬ ውስጥ ገባ። ጠጠሩ ከእግራችን ሥር ይንከባለላል። ጀማል ከጎኔ ሆኖ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ጉልበት አንሶት ሳይሆን ፈርቶ።

"ዋላል፣ ወንድሜ፣ እኔን ብቻ እይ" አልኩት። "እኔ ስረግጥ እርገጥ።"

"አንተ ሥራህ ምንድነው?" አለኝ፤ ዝም ካለ የሚያለቅስ ስለመሰለው ይመስለኛል።

"ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ከሳቢያን።"

ትንሽ እንደሄድን ከአልጋው ላይ ደከም ያለ ድምፅ መጣ። ፋጡማ ናት። "ዳቦ ይዟል?" አለች።

መጀመሪያ ማናችንም አልገባንም። ከዚያ ሐጂ ከኋላ ሆነው መሳቅ ጀመሩ፣ ሙሜ ተከተላቸው፣ አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቅን። አዴ ኑሪያ ዞረው "አልጋው ላይ ሰው አለ" ብለው ተቆጡን፤ ግን እሳቸውም አፋቸውን ይዘው ነበር። አልጋውን አሳረፍን። ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ሌሊት የጋገርኩትን ዳቦ ከከረጢቴ አወጣሁ፤ አዴ ኑሪያ ለስላሳውን ቆርሰው ውሃ እያስነኩ ጥቂት አጎረሷት። "ስኳር የለውም" አለች። ዳቦዬ ላይ ከተሰጡ አስተያየቶች ሁሉ ያንን ያህል ደስ ብሎኝ የተቀበልኩት የለም።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ወንዙ ከታች መታየት ሲጀምር መንገዱ ጠበበ። በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ገደል፤ ጎን ለጎን ሁለት ሰው አያሳልፍም። እዚያ ልንደርስ ስንል የሐጂ እግር ጠጠር ላይ ተንሸራተተ። አልጋው ወደ አንድ ጎን ዘመመ፣ ፋጡማ ጮኸች፣ ሙሜና እኔ እንደምንም ይዘን መሬት አስነካነው። ሐጂ ጉልበታቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል። ሊነሱ ሞከሩ፤ ቆሙ፣ ነገር ግን ሸክም የሚችል እግር አልነበረም።

ሁላችንም ተያየን። ሦስት ሰው ቀርተናል፣ መንገዱ ደግሞ ከፊት አንድ ከኋላ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀበለው። ጀማል "እኔ ወደ ላይ ሮጬ ሰው ልፈልግ" አለ። አዴ ኑሪያ የምራታቸውን ፊት አዩና "ሰው እስክታገኝ አትጠብቅህም" አሉት። ይህን ያሉት ቀስ ብለው ነበር።

ያን ጊዜ ስላሰብኩት ነገር ጀግና መስዬ ላወራችሁ እችል ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያሰብኩት ዱቄት ነው። የመጋዘኔ በር ጠባብ ናት፤ ትልልቁን ጆንያ የምናስገባው ሁለት አጣና ላይ አድርገን፣ አንድ ሰው በአጣናዎቹ መሃል ገብቶ ፊት እየመራ ነው። አጣናው ከእጅ እንዳያመልጥ ከአንገት ጀርባ ጨርቅ እናዞርበታለን።

"ፊቱን ለእኔ ተዉልኝ" አልኩ። "ጀማል ከኋላ። ሙሜ አልጋው ሥር ዝቅ ብለህ በገደሉ በኩል ደግፍ።"

ሐጂ ትከሻቸው ላይ ያለውን ሽርጥ አውጥተው ሰጡኝ። አጣናዎቹ ላይ አስሬ ትከሻዬ ላይ አዞርኩትና ተነሳሁ። ያ ክብደት እንዴት እንደነበር መናገር አልችልም። ዓይኔ ጨለመ፣ ከዚያ በራ። ሐጂ ከመንገዱ ዳር ያነሱትን በትር ተደግፈው እያነከሱ ፊቴ ገቡ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ በበትሩ እየነኩ ያሳዩኝ ጀመር።

"እዚህ እርገጥ። ይሄ ይነቃነቃል፣ እለፈው። አሁን ወደ ቋጥኙ ተጠጋ። ጎበዝ። ትንሽ ቁም፣ ተንፍስ።"

እሳቸው የነኩትን ድንጋይ እረግጣለሁ፤ ሌላ ዓለም አልነበረኝም። በመካከል ምጡ ይመጣባታል፤ አጣናውን በእጇ ስትጨብጠው ንዝረቱ ትከሻዬ ድረስ ይሰማኛል፤ ቆመን እስኪያልፍላት እንጠብቃለን። አንድ ጊዜ "አውርዱኝ፣ ይብቃኝ" አለች። ጀማል ከኋላ ሆኖ ስሟን ብቻ ጠራ። እሷም ደግማ አልጠየቀችም። ሊያቅተኝ ሲል ይህ የደቻቱ አሸዋ ነው፣ ከፊቴ ያለው ድልድይ ጋ ስደርስ አርፋለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ድልድዩ አይደርስም፤ እኔም እርምጃዬን አላቆምኩም።

ድንገት እግሬ ለስላሳ ነገር ረገጠ። አሸዋ ነው። ወንዙ ደርሰናል።

አምቡላንሱ ከማዶ ቆሟል። ሾፌሩና አንዲት አዋላጅ ውሃውን እየረገጡ ተሻግረው ተቀበሉን። አዋላጇ ፋጡማን ነካ ነካ አድርጋ አየቻትና "ቶሎ እንሂድ፣ ልጁ ቸኩሏል" አለች። ፋጡማን ስናስገባ አዴ ኑሪያ ከነጠብመንጃቸው ተከትለው ወጡ። ሾፌሩ ደነገጠ።

"እማማ፣ መሣሪያ ይዘው አይገቡም።"

አዴ ኑሪያ ጀርባቸው ላይ ምን እንዳለ የረሱት ይመስላሉ። አውርደው ለሐጂ አቀበሏቸው። "እንካ፣ ምንም አልገደለችም" አሉ። በሩ ተዘጋ፤ ጀማልም ከሾፌሩ ጎን ገብቶ ሄዱ።

እኔና ሙሜ ሐጂን በየተራ እየደገፍን ቢዮ አዋሌ ገባን። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ሥር ስንቀመጥ ከማዶ ያለ ሻይ ቤት ሳንጠይቀው ሻይ ላከልን። ብርጭቆውን ላነሳ ስል እጄ እምቢ አለኝ፤ በሁለት እጄ ይዤ እንኳ ግማሹ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ሙሜ እኔን አይቶ ሊስቅ ሲል የራሱን ደፋው። ሐጂ ግን አልጠጡም። በሩን ያያሉ። እኔም አያለሁ። አንዲት የማላውቃት ሴት፣ ፊቷን እንኳ በቅጡ ያላየኋት ልጅ፣ ከውስጥ አለች፤ የራሴ ልጆች ሲወለዱ እንደዚያ በር አላየሁም።

መጀመሪያ የሕፃን ድምፅ ሰማን፤ ቀጭን፣ የተቆጣ። ከዚያ የአዴ ኑሪያ እልልታ። ሙሜ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ጀማል ከውስጥ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት ቆመ፤ ከዚያ እኔ ላይ ተጠመጠመና በላብ የራሰ ሸሚዜ ላይ አለቀሰ። "ሴት ናት" አለኝ። "ሴት ናት፣ ደህና ናት፣ እናቷም ደህና ናት።"

አዋላጇ ኋላ መጥታ እጇን እያደረቀች ከጎናችን ቆመች። እትብቱ የልጅቷ አንገት ላይ ተጠምጥሞ እንደነበር ነገረችን። "እዚያው ቤት ቢሆን…" ብላ ጀመረችና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ሐጂን አይታ "ጉልበትዎን ያሳዩኝ" አለቻቸው።

ወደ ድሬ ስንመለስ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ፤ መሪ መያዝ እንኳ ያን ያህል ይከብዳል ብዬ አላውቅም ነበር። ሰሚራ በሩ ላይ ቆማ ትከሻዬን አየች፣ የአባቷን የታሰረ ጉልበት አየች፣ ባዶውን ከረጢት አየች።

"ቆቋስ?" አለች።

"በአምቡላንስ ሄደች" አሉ ሐጂ።

ታሪኩን ግማሹን ሐጂ ግማሹን እኔ ነገርናት። ታሪኩ ጠባቡ መንገድ ላይ ሲደርስ ሐጂ ለሰሚራ "ባልሽ መንገዱን አሁን ያውቀዋል" አሏት። ሰሚራ ወደ ኩሽና ገባች፤ ቆየት ብላ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ለራት ያቀረበችልን ምስር ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ በርጫ ላይ ያለው ስሜ አልተለወጠም፤ ዛሬም የውሃ ዘበኛው ነኝ። ክብደቴም ሁሉም አልሄደም። የተለወጠው ይህን አካሌን የማይበት ዓይን ነው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ላይ ስለፋ ለራሴ ኩራት መስሎኝ ነበር፤ አንዲት ቆቅ ለመምታትና ሰው እንዳይስቅብኝ። ጉልበቴ ለሌላ ሰው ሊያስፈልግ ይችላል ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ከእናንተ መካከል "ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ" የሚል ካለ አልወቅሰውም፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። ግን አንድ ቀን አንድ ሰው ስለ እናንተ "ይችላል?" ተብሎ ይጠየቃል። በዚያች የዝምታ ቅጽበት ውስጥ ቆማችሁ ስትጠብቁ፣ በእግር የሄዳችሁባት እያንዳንዷ ከሰዓት ምን ያህል እንደምታጸናችሁ ታዩታላችሁ።

ዘንድሮም ዝናቡ አልፎ ወደ ተራራው ወጣን። የሐጂ ጉልበት ድኗል፤ እንዲያውም ከእኔ ቀድመው ይሄዳሉ። መንደሯ ጋ ስንደርስ ፋጡማ ከቤት ወጥታ ልጅቷን ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጉንጯ የሞላ፣ እጇ አንጓ አንጓ ያወጣ፣ የሸሚዜን ኮሌታ ይዛ የማትለቅ ልጅ ናት። አዴ ኑሪያ ጥግ ላይ ሆነው ያዩኛል።

"ከበደች?" አለችኝ ፋጡማ።

"በጣም ከብዳለች" አልኳት።

ከዚህ የበለጠ ደስ የሚያሰኛቸው ቃል ልነግራቸው አልችልም ነበር፤ ሁለቱም ሳቁ። ሐጂ ከዳገቱ ላይ ሆነው "ናስር፣ ቆቆቹ ነቅተዋል" እያሉ ይጣራሉ። እኔ ግን ልጅቷን ገና አላወረድኳትም።